ለአዲሱ የቦርድ አባል፦ ባልተሞላ ቼክ ላይ ስለ መፈረም

ጠያቂው ወንድማችን እዚሁ ጎንደር አረጋውያንን የሚረዳ አንድ አገር በቀል ድርጅት ባለፈው ወር የቦርድ አባልና ሁለተኛ ፈራሚ አድርጎ እንደመረጣቸው ገልጸው፣ «ደመወዝ የማይከፈለኝ ሰው በሕግ የምጠየቅበት ነገር አለን?» ብለዋል። አለ። እኔ ሕፃናትን በሚደግፍ ድርጅት 4 ዓመት የቦርድ ሰብሳቢ ነበርሁ፤ እርስዎም እንደ እኔ መተማመንን አስቀድመው የገቡበት ይመስለኛልና የደረሰብኝን ልንገርዎ።

1. ድርጅቱ የት እንደተመዘገበ ያጣሩ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ከሆነ ሪፖርቱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በክልሉ ብቻ የሚሠራና በክልል የተመዘገበ ከሆነ ጉዳዩ ባሕር ዳር ነው። የቦርድ ለውጥም ለመዝጋቢው አካል መገለጽ አለበት። እኛ ቃለ ጉባኤውን ፋይል ውስጥ አስቀምጠን ስለተቀመጥን፣ ከተማውን ለቀው የሄዱት የቀድሞ ገንዘብ ያዥ ለ8 ወር ያህል በባንኩ መዝገብ ፈራሚ ሆነው ቆይተዋል።

2. በፌዴራል ለተመዘገበ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርቱ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በ3 ወር ውስጥ ይቀርባል። ሒሳባችሁ እንደ እኛ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ኦዲተር በሐምሌ ይያዙ፤ በመስቀል ሰሞን የሚገኝ ኦዲተር የለም። የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ እንደማይችል ያስታውሱ።

3. ስለ ቼኩ ነው። የምሠራው አዘዞ፣ የድርጅቱ ቢሮ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ስለነበር ለእያንዳንዱ ክፍያ መመላለሱ ታከተኝ፤ ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ አምስት ስድስት ባዶ ቼክ ላይ ፈርሜ እተውላቸው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ታማኝ ሰው ነው፤ ዛሬም ቢሆን ሌባ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። የለጋሾች ገንዘብ በዘገየ ጊዜ ግን ለጡረታና ለሥራ ግብር ከሠራተኞች ደመወዝ የተቆረጠውን ለሕፃናቱ ጤፍና ዘይት ያውለው ኖሯል። በየስብሰባው «ግብሩም ጡረታውም ተከፍሏል» ይለናል፤ እኛም ደረሰኙን አሳየን ሳንል ሻያችንን ጠጥተን እንለያይ ነበር።

ነገሩ የታወቀው ጥበቃችን 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታውን ሊያስከብር በሄደ ጊዜ ነው። የዕድሜ ልክ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ እርሱ 10 ዓመት ከ5 ወር አገልግሏል፤ በመዝገብ የተገኘው ክፍያ ግን የ14 ወር ጉድለት ነበረው። ሽማግሌው ወረቀቱን ይዞ ቢሮው በር ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ያለኝን እስካሁን አልረሳውም። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ከጅምሩም የድርጅቱ ገንዘብ አልነበረም፤ ድርጅቱ 11 በመቶ ጨምሮ እንዲያስተላልፈው በአደራ የያዘው ነው። ለሕፃናት ምግብ መዋሉ ይህን አይለውጠውም።

ጉዳዩን ለማስተካከል የሄድሁበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ለሦስት ሳምንት «ነገ ይምጡ» እያለ ካመላለሰኝ በኋላ፣ አንዲት ባለሙያ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ፈርመዋል አይደል? ታዲያ ምን ያነጋግረናል?» አለችኝ። አነጋገሯ አንገብግቦኛል፤ ነገር ግን ፊርማው የእኔ ነበርና መልስ አጣሁ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ድርጅቱ ያልከፈለው ታክስ በሥራ አስኪያጁ ላይ በግል ሊመጣ እንደሚችልም ያወቅሁት ያን ሰሞን ነው።

ለጋሾቹ ቅጣትና ወለድ ከፕሮጀክት ገንዘብ አይከፈልም ስላሉ፣ አምስት የቦርድ አባላት ከኪሳችን አዋጣን። አንዱ አባል «እኔ በስብሰባው አልነበርሁም» ብሎ ሊወጣ ቢሞክርም ስሙና ፊርማው ቃለ ጉባኤው ላይ ተገኘ። እንግዲህ እርስዎም የማይስማሙበት ውሳኔ ሲያጋጥምዎ የልዩነት ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ዝም ብሎ መፈረም እንደ መስማማት ይቆጠራል።

ጥበቃችን ውዝፉ ከተከፈለ በኋላ ጡረታው ተከብሮለታል። ይህን ያደረግሁት እኔ ስለሆንሁ ትንሽ ብኮራ አይፍረዱብኝ። እርስዎ ግን ከመጪው ስብሰባ በፊት ያለፉትን 12 ወራት የግብርና የጡረታ ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫውንና የቼክ ጉርዱን በደብዳቤ ይጠይቁ። ሥራ አስኪያጁ «አያምኑኝም እንዴ?» ብሎ ቢቀየም ይቀየም፤ ደረሰኙ እስኪመጣ ድረስ አዲስ ቼክ አይፈርሙ።