አፈሩን ከወንፊት በፊት እዩት

ልጆቼ፣

የምጽፈው የአፈርና የውሃ ምርመራ ሥራ ለጀመራችሁት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ በአቃቂ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ግን ዓይኔ አሁንም መሬቱ ላይ ነው።

«ይህ ኬሚካል አፈር ይይዘዋል፣ ርቆ አይሄድም» የሚል ዘገባ ሲገጥማችሁ፣ የትኛው አፈር እንደሆነ ጠይቁ። የእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈርና የአቃቂ ጥቁር መረሬ አንድ አይደሉም። ከውሃ ይልቅ ቅባት የሚወዱትን ኬሚካሎች በዋናነት የሚይዛቸው የአፈሩ ብስባሽ ነው። የኤሌክትሪክ ቻርጅ ባላቸው ላይ ግን ሸክላውና የአፈሩ አሲድነት ይፈርዳሉ። ክሮሚየምን ተመልከቱ። ቆዳ የሚለፋበት ባለ ሦስት ቻርጁ አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ባለ ስድስቱ ግን በውሃ ውስጥ አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ስለሚገኝ፣ አፈሩ አሲዳማ ካልሆነ በቀላሉ ይጓዛል። «ክሮሚየም ተገኝቷል» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ዋናውን ነገር አልነገራችሁም።

አፈሩ ኬሚካሉን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካበት ሙከራ ራሱ ቀላል ነው። አፈሩ ደርቆ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል፤ ኬሚካሉ ካለበት ቀጭን የካልሲየም ክሎራይድ (የጨው ዓይነት ነው) ውሃ ጋር በጠርሙስ ይናጣል፤ ከዚያ ውሃው ውስጥ የቀረው ይለካል። 10 ግራም አፈር፣ 50 ሚሊሊትር ውሃ፣ በሊትር 1 ሚሊግራም ኬሚካል እንበል። በመጨረሻ 0.2 ከቀረ፣ የጎደለው አፈሩ ላይ በኪሎ 4 ሚሊግራም ይሆናል። 4 ለ0.2 ሲካፈል 20 ይመጣል፤ ይህ ቁጥር በጨመረ መጠን አፈሩ ኬሚካሉን አጥብቆ ይዞታል ማለት ነው።

ጎደለ ማለት ግን አፈሩ ያዘው ማለት ነው? በወጣትነቴ ነው ብዬ ጽፌ አስረክቤአለሁ። በኋላ አፈር የሌለበት ጠርሙስ ብሞክር፣ እሱም ውስጥ መጠኑ ወርዶ አገኘሁት። ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከጎደለው ግማሹን ጠርሙሱ ወስዶት ቢሆን ያ 20 ወደ 10 ይወርዳል። ዘገባውን አስመልሼ አረምኩት፤ ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። አፈር አልባውን ጠርሙስ በየሙከራው አስቀምጡ። ሥራ በዛ ብላችሁ እንኳ አትዝለሉት።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል። እኛ ፈጭተን፣ ነፍተን፣ ስንጥቁን አጥፍተን እንለካለን፤ የሰኔ ዝናብ ግን አፈሩ አብጦ ከመግጠሙ በፊት በዚያው ስንጥቅ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ የወረደ ውሃ አፈሩን እምብዛም ሳይነካ ያልፋል፤ 20ም ሆነ 200 ያኔ ብዙ አይረዳም። ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ አዲስ አበባ ትጠጣለች፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል።

ግንቦት ላይ ናሙና ልትወስዱ ስትወጡ ቀጭን ሽቦና ሜትር ያዙ። ሽቦውን ስንጥቁ ውስጥ ሰድዳችሁ የወረደበትን ጥልቀት ለኩና ከላቦራቶሪው ቁጥር ጎን ጻፉት።