አንድ ኢቨንት ባስ ለሁሉም ኮምፖነንት ይበቃልን?

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ሳቢያን ነዋሪ ነኝ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ለሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቪዩ 3 በተባለው የጃቫስክሪፕት ማዕቀፍ የዕቃ ማዘዣ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። የዕቃዎቹ ዝርዝር፣ የተመረጠውን ለሰርቨር የሚያስተላልፈው ዘንቢል እና የክፍያው ገጽ የተለያዩ ኮምፖነንቶች (ድረ ገጹ የሚገነባባቸው ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች) ስለሆኑ፣ ሚት በተባለችው ትንሽ ላይብረሪ አንድ ኢቨንት ባስ፣ ማለትም ኮምፖነንቶች መልእክት የሚለዋወጡበት መስመር፣ ፈጥሬ ሁሉም እንዲጋሩት አደረግሁ። ነገር ግን ደንበኛው ከገጽ ወደ ገጽ ሲመላለስ ቆይቶ አንድ ቬንትሌተር ቢመርጥ ሰርቨሩ ላይ ሦስት ይመዘገባል፤ ከዚያ የክፍያውን ገጽ ሲከፍት ደግሞ ድምሩ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ለእያንዳንዱ ኮምፖነንት የራሱን ባስ ብፈጥርለት ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ላኪውና ተቀባዩ የሚገናኙት ሁለቱም ያንኑ አንድ ባስ ሲይዙ ብቻ ስለሆነ፣ ለየብቻ ቢፈጥሩላቸው መልእክቱ ጨርሶ አይደርስም። ባሱን ማጋራትዎ ስሕተት አይደለም፤ የገጠሙዎት ሁለት ችግሮችም ምንጫቸው የተለያየ ነው።

የሦስቱ ቬንትሌተር ምክንያት ሳይሰረዝ የቀረ አድማጭ፣ ማለትም መልእክት ሲመጣ የሚሠራ ፈንክሽን፣ ነው። ዘንቢሉ ገጹ ላይ በታየ ቁጥር አንድ ፈንክሽን በባሱ ላይ ያስመዘግባል፤ ደንበኛው ገጹን ለቅቆ ሲሄድ ኮምፖነንቱ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ፈንክሽኑ በባሱ ዝርዝር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ደንበኛው ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አንዱን መልእክት ሦስት ፈንክሽኖች ሰምተው፣ ሦስቱም ለሰርቨሩ ይልካሉ፤ የቀሩት አሮጌዎቹም ሜሞሪ እንደያዙ ይቆያሉ። መፍትሔው በባሱ የመመዝገቢያ ትእዛዝ በ«ኦን» የተመዘገበውን ፈንክሽን፣ ኮምፖነንቱ ከገጹ ሲነሳ በሚሠራው «ኦን አንማውንትድ» ውስጥ በመሰረዣው ትእዛዝ በ«ኦፍ» መሰረዝ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት እወዳለሁ። ሲመዘገብ ስም የሌለው ፈንክሽን ሰጥተው፣ ሲሰረዝ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ ቢጽፉ፣ ለጃቫስክሪፕት ሁለቱ የተለያዩ ስለሆኑ ምንም አይሰረዝም። ፈንክሽኑን ትተው የመልእክቱን ስም ብቻ ለ«ኦፍ» ቢሰጡ ደግሞ ሚት በዚያ ስም የተመዘገቡትን አድማጮች በሙሉ ያጠፋቸዋል፤ በጋራ ባስ ላይ ይህ ማለት አንዱ ኮምፖነንት ሲሄድ ሌሎቹንም ደንቆሮ አድርጓቸው ይሄዳል ማለት ነው። ስለሆነም ፈንክሽኑን በስም ይያዙት፤ ሲመዘግቡም ሲሰርዙም ያንኑ ስም ይስጡ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይለያል፤ አድማጮቹን ሁሉ በሥርዓት ቢሰርዙም አይጠፋም። የጥንቱ አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ስለነበር፣ በሰዓቱ ያልነበረውም ወሬው ዘግይቶ ይደርሰው ነበር። ኢቨንት ባስ ግን በተናገረበት ቅጽበት ለተገኘው ብቻ ያሰማል፤ የተናገረውንም አያስቀምጥም። የክፍያው ገጽ የተፈጠረው ዕቃው ከተመረጠ በኋላ ስለሆነ ምንም አልሰማም፤ ዜሮ ማሳየቱም ትክክል ነው። የዘንቢሉ ይዘትና ድምሩ ዘግይቶ የመጣ ኮምፖነንት ጭምር ሊያነባቸው የሚገቡ መረጃዎች ናቸውና ቦታቸው ስቶር (ኮምፖነንቶች ሁሉ የሚያነቡት የጋራ የመረጃ ማስቀመጫ) ነው፤ ለቪዩ 3 የሚመከረው የስቶር ላይብረሪ ፒኒያ ነው። ለባሱ የሚቀሩለት «ዕቃው ተጨምሯል» የሚለውን አጭር ማሳወቂያ እንደማሳየት ያሉ፣ ካለፉ በኋላ ማንም የማይፈልጋቸው ነገሮች ናቸው። ወላጅና ልጅ የሆኑ ኮምፖነንቶች ደግሞ በፕሮፕስ (ወላጁ ለልጁ በሚሰጠው መረጃ) እና በኢሚት (ልጁ ለወላጁ በሚልከው መልእክት) ይነጋገሩ፤ ባስ አያስፈልጋቸውም።

በቪዩ 2 ዘመን ባዶ የቪዩ ኢንስታንስ (በቪዩ የተፈጠረ ኦብጀክት) እንደ ባስ ያገለግል ነበር። መስከረም 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪዩ 3 ግን ኢንስታንሱ ላይ የነበሩትን «ኦን»፣ «ኦፍ» እና «ዋንስ» (አንድ ጊዜ ብቻ ማዳመጫ) አስወገደ፤ የሽግግር መመሪያውም ሚትን በአማራጭነት ቢጠቅስም፣ ለሁሉም የጋራ የሆነ ባስ ውሎ አድሮ ለጥገና ያስቸግራል ሲል ይመክራል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ መልእክቱን ማን እንደላከው ኮዱን በማንበብ ብቻ ማወቅ ስለሚከብድ፣ ቢያንስ የመልእክቶቹን ስሞች በሙሉ በአንድ ፋይል ይሰብስቧቸው። ገጹን ወደፊት በደንበኛው ብራውዘር ፈንታ ሰርቨር ላይ የሚያዘጋጁት ከሆነም፣ በሞጁል ደረጃ (በፋይሉ ውስጥ ከፈንክሽን ውጭ) የተፈጠረ ባስ ለሁሉም ደንበኞች ጥያቄ የጋራ እንደሚሆን አይዘንጉ።

እርማቱን ሲጨርሱ ሚት አድማጮቹን የሚይዝበትን «ኦል» የተባለ ማፕ (በመልእክት ስም የተደራጀ መዝገብ) በብራውዘሩ ኮንሶል (የፕሮግራመሮች መፈተሻ መስኮት) ላይ አውጥተው ይመልከቱ። ከገጽ ወደ ገጽ አሥር ጊዜ ተመላልሰው በዘንቢሉ መልእክት ስም ያሉትን አድማጮች ይቁጠሩ፤ ያንን ስም የሚያዳምጠው ዘንቢሉ ብቻ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከአንድ ካለፈ ሳይሰረዝ የቀረ አድማጭ አለ።