የደም ፕሮቲን ልኬት ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ እናቴ እግሯ ስላበጠ ሐኪም የደም ፕሮቲን ምርመራ አዘዘላት። በአንዱ ላቦራቶሪ 6.4፣ በሳምንቱ በሌላው 7.0 ግራም በዴሲሊትር ተባለ። የትኛውን እንመን? (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች ለአዋቂ ሰው ከተለመደው፣ ከ6 እስከ 8 ግራም ገደማ ከሚደርሰው ክልል ስላልወጡ፣ አንዱ ላቦራቶሪ ተሳስቷል ለማለት አያበቁም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ባዩሬት የተባለው ዘዴ ሲሆን፣ በአልካላይን ፈሳሽ ውስጥ ያለው መዳብ የፕሮቲኑን ክፍሎች ከሚያያይዙት የፔፕታይድ ትስስሮች ጋር ሲጣመር ናሙናው ሐምራዊ ይሆናል፤ መሣሪያውም በ540 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አሳልፎ የቀለሙን ድምቀት ይለካል።

ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ናሙናው መሣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። ክንድ በማሰሪያ ታስሮ ሲቆይ ውኃው ከደም ሥር ስለሚወጣ ፕሮቲኑ የበዛ ይመስላል፤ ተኝቶ የቆየ ሰው ደግሞ ቆሞ ከቆየው ያነሰ ውጤት ያገኛል። ቀይ የደም ሕዋሳት ፈርሰው ሴረሙ (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) ከቀላ ግን ደሙ እንደገና መቀዳት አለበት፤ በዚህ ላይ ባለሙያው ቢያስቸግርዎ አይቀየሙት።

ለእብጠቱ ከጠቅላላው ድምር ይልቅ አልቡሚን (ውኃን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘው ዋናው የደም ፕሮቲን) ለብቻው መታየቱ ይበልጣል። በጣና ዳርቻ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ ሥር ሰዶ ጉበትን ሲጎዳ አልቡሚን ቀንሶ ግሎቡሊን (ሌላው የደም ፕሮቲን ክፍል) ሊጨምር ስለሚችል፣ ድምሩ ደህና መስሎ ያታልላል። ኩላሊትም ፕሮቲን በሽንት ሊያፈስ ስለሚችል፣ እናትዎ የአልቡሚንና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ክትትሉንም በአንድ ላቦራቶሪ ያድርጉት።