የሶላር ነጋዴዎች ማኅበር ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሶላር ፓነልና ፋኖስ የምንሸጥ ሰባት ነጋዴዎች ነን። የማይረባ ዕቃ የደንበኛውን እምነት እያሳጣን ስለሆነ ማኅበር ልናቋቁም ነው። ምን እናስቀድም?

መልስ፦ ቁጥራችሁ ይበቃል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለመመሥረት የሚጠይቀው አምስት አባላት ነው። የመሥራቾችን ቃለ ጉባኤ፣ የመታወቂያ ቅጂና መተዳደሪያ ደንብ ይዛችሁ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን አመልክቱ።

ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው መዋጮ ላይ ነው። ትልቁ አስመጪ ግማሹን ወጪ ከሸፈነ ውሎ አድሮ ማኅበሩ የእሱ ይሆናል፤ ቸርቻሪውም ይቀራል። ስለዚህ መዋጮው እንደ አቅም ይሁን፣ ድምፁ ግን ለእያንዳንዱ አባል አንድ። የማንም መዋጮ ከዓመቱ በጀት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ በደንቡ ጻፉት።

ከዚያ ቶሎ ወደ ጥራት ግቡ፤ ደንበኛ የሚያከብራችሁ በዚህ ነው። ባለ 20 ዋት የ12 ቮልት ፓነል እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ፊቱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፀሐይ አዙሩት። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን የፓነሉን ገመዶች በቀጥታ ንኩ። ወደ 1.2 አምፔር ሊያሳይ ይገባል። 0.6 ካሳየ የተጻፈበት ዋት ውሸት ነው። ቮልቱን ብቻ መለካት ያታልላል፤ ደካማ ፓነልም 20 ቮልት አካባቢ ያሳያልና። በባትሪ ላይ ይህን ፈጽሞ አትሞክሩ፣ እሳት ያስነሳል።

በስብሰባችሁ የመሸጫ ዋጋ አትተምኑ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል።