የተፋቀ አስፋልት በናፍጣ አይታደስም

ጠያቂዬ ከመንገድ የተፋቀ አሮጌ አስፋልት በበርሜል አሙቀው፣ ናፍጣ ጨምረውበት ጉድጓድ ደፍነዋል። ተጠቅጥቆ ሲደመደም ያብረቀርቅ ነበር፤ በወሩ በጣት ሲጫኑት መፈርፈር ጀመረ።

የተነቀለው ጠጠር ሬንጁ፣ ማለትም ጥቁሩ ማጣበቂያ፣ ለቆት ራቁቱን ቢሆን ኖሮ ውሃን እጠረጥር ነበር። እርስዎ ግን «ጥቁር ነው፣ ደብዝዟል» ብለዋል። እንግዲያው ሬንጁን አቃጥለውታል።

ሬንጅ ዘይታማና ጠጣር ክፍል አለው። ዘይታማው ጠጣሩን ይዞ ያለዝበዋል። መንገድ ላይ ዓመታት ሲያልፉ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ዘይታማው ይመነምናል፣ ጠጣሩ ይበዛል፤ ሬንጁም ይደርቃል። ጠጠሩን የሸፈነው ሬንጅ እጅግ ስስ ነው፤ ነበልባል ሲነካው ዓመታት የሚወስደው እርጅና በደቂቃዎች ያልቃል። ናፍጣ ደግሞ ያሟሟል እንጂ የጎደለውን አይተካም። የናፍጣው ቀላል ክፍል ሲተን ድርቀቱ ይመለሳል፤ የቀረው ጠጠሩን ያላቅቃል። ያታለለዎት ያ ብርቅርቅታ የናፍጣው ነው።

ሁሉንም ያውጡ። ከሥሩ የቀድሞ ሠራተኞች በጭቃ ላይ የደፉት ድፍን ካለ እሱንም፤ በብልሽት ላይ ብልሽት መደረብ ሰልችቶኛል። ጠርዙን ጤነኛው አስፋልት ድረስ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ ያጽዱ፣ ያድርቁ። ኢሙልሽን (ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ፈሳሽ ሬንጅ) በስሱ ቀብተው ቡናማው እስኪጠቁር ይጠብቁ።

የተፋቀውን ክምር ከዝናብ ይከልሉ። እርጥብ ክምር ትኩስ ሬንጅ ላይ አይጨምሩ! ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሬንጁን ፊትዎ ላይ ይረጨዋል። እሳቱ ድብልቁን አይንካው፤ ከ140 እስከ 150 ዲግሪ ይበቃዋል። ሰማያዊ ጭስ ካዩ እያቃጠሉ ነው። ርካሹ የጨረር ቴርሞሜትር የሚያነበው ላይኛውን ብቻ ስለሆነ እያገላበጡ ይለኩ።

በናፍጣው ፋንታ የጎደለውን ዘይታማ ክፍል የሚተካ የሬንጅ ማደሻ ይግዙ፤ ጽሑፍ በሌለው ጀሪካን የሚሸጠውን፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚሸተውን ግን አይደለም። አምራቹ መጠኑን በሬንጅ ክብደት ከሰጠ በድብልቁ ክብደት አያስሉት፦ በ100 ኪሎ የተፋቀ አስፋልት ውስጥ ያለው ሬንጅ 5 ኪሎ ገደማ ነው።

5 ሳንቲ ሜትር በሞሉ ቁጥር ከጠርዝ ወደ መሀል እየጠቀጠቁ ይደምድሙ። የመጨረሻው ንብርብር ከመንገዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፤ መኪና ያወርደዋል።

ደግሜ እላለሁ፦ ውሃ በርሜሉ ውስጥ አይግባ። ሬንጅ ቆዳ ላይ ከተረጨ ግን ወዲያውኑ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት። የተጣበቀውን አይላጡት፤ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። እሱን ሐኪም ያንሳው።