ስቴሮይድ ከመጻፋችሁ በፊት ኢኦሲኖፊሉን ቁጠሩ

ልጆቼ፣ ሙያውን ገና የጀመራችሁ ሐኪሞች፤

አስምና ሲኦፒዲ (አየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) ተደርበው የያዙት ሰው ሲገጥማችሁ፣ የበሽታውን ስም ከመወሰን በፊት ሳንባው ውስጥ የትኛው የመከላከያ ሴል እንደተቆጣ እወቁ። በአስም ብዙ ጊዜ የሚያይለው ኢኦሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ነው፤ ኢንተርሊውኪን 5 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ያበዛዋል፣ ስቴሮይድ ያበርደዋል። በሲኦፒዲ ኒውትሮፊል፣ ማክሮፌጅና ሲዲ8 ሊምፎሳይት የተባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ይበረታሉ፤ እነዚህ ለስቴሮይድ እምብዛም አይበገሩም። ሁለቱ ሕመሞች ሲደራረቡ ሁለቱም ወገን አለ፣ ሚዛኑ ግን ከሰው ሰው ይለያያል።

ሚዛኑን የሚጠቁማችሁ ተራ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ነው። ነጭ የደም ሴሉ 6,000፣ ኢኦሲኖፊሉ 5 ከመቶ ከሆነ በማይክሮሊትር 300 ማለት ነው። በሲኦፒዲ 300ና ከዚያ በላይ ሲሆን በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ይጠቅማል ተብሎ ይጠበቃል፤ ከ100 በታች ሲሆን ጥቅሙ ይመነምንና የሳንባ ምች ስጋቱ ይቀራል። አስም ካለበት ግን ቁጥሩ ዝቅ አለ ብላችሁ ስቴሮይዱን አትንፈጉት። እንደ ሳልሜትሮል ያለውን አየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ለአስም ሕመምተኛ ያለ ስቴሮይድ መስጠት ሕይወት ያስከፍላል።

ደሙ የሚቀዳበት ሰዓት ብዙዎችን ያሳስታል። የሚዋጠው ስቴሮይድ ፕሬድኒሶሎን ኢኦሲኖፊልን በሰዓታት ውስጥ ከደም ያሳንሰዋል። ድንገተኛ ክፍል 40 ሚሊግራም ውጦ ዋርድ ከገባ በኋላ የተቀዳ ደም ዜሮ ቢያሳይ አትመኑት፤ የቀድሞ ውጤቱን ከካርዱ ፈልጉ።

በአገራችን ደግሞ ወስፋትና መንጠቆ ትል ይህንኑ ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። ከሁሉ የምፈራላችሁ ስትሮንጂሎይድስ የተባለውን የአንጀት ትል ነው። ሰውየው ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ ትሉ ይራባል፣ ወደ ሳንባና ወደ ሌላው አካል ይሰራጫል፣ የአንጀት ባክቴሪያም ይዞ ደም ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ የተደረገ የሰገራ ምርመራ ነጻ ነው ቢላችሁ አትዘናጉ፤ ደጋግሙት። ከተገኘ፣ ወይም ጥርጣሬው ከበረታ፣ የትል መድኃኒቱን አይቨርሜክቲን በኪሎ 200 ማይክሮግራም ስጡ።

ቲቢንም አትርሱ። የዳነ ቲቢ የሚተወው ጠባሳ አየር ቧንቧን አጥብቦ ሲኦፒዲ ይመስላል፤ ያልዳነው ደግሞ በስቴሮይድ ይባባሳል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳ ወይም ሌሊት ካላበው አክታውን ጂን ኤክስፐርት ወደተባለው የቲቢ ምርመራ ላኩ።

ፓፉን (የሚሳበውን መድኃኒት) ስትሰጡት አጠቃቀሙን ፊታችሁ አድርጎ ያሳያችሁ። ስፔሰር (በፓፉና በአፉ መካከል የሚገባ ዕቃ) ከሌለው 500 ሚሊሊትር የሚይዝ የላስቲክ ጠርሙስ ታቹን በፓፉ አፍ ልክ በስታችሁ አዘጋጁለት። ስቴሮይዱን ከሳበ በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ ካልሆነ ምላሱ ላይ ነጭ ፈንገስ ይወጣበትና መድኃኒቱን ይተወዋል።