መልስ፦ ቢራቢሮዎቹ ጭቃ ላይ ምን ይሠራሉ?

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር ቢራቢሮዎች እርጥብ ጭቃ ላይ ተሰብስበው አይተህ «አበባውን ትተው ምን ይልሳሉ?» ብለሃል። ጨው ነው የሚፈልጉት። የአበባው ጣፋጭ ፈሳሽ ስኳር እንጂ ጨው እምብዛም የለውም። ከብት አሞሌ እንደሚልሰው በለው። ጭቃው ላይ የምታያቸው አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። የሰበሰቡትን ጨው ሲገናኙ ለሴቷ ይሰጧታል፤ እሷም ለእንቁላሎቿ ታውለዋለች። ጥሎሽ በለው!

ማኘክ ግን አይችሉም። አፋቸው ሲፈልጉ የሚዘረጉት፣ ሲጨርሱ የሚጠቀልሉት ቀጭን ቱቦ ነው። ቢራቢሮዋ ከሽፋኗ ስትወጣ ቱቦው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ቁጭ ብላ ራሷ ትገጣጥመዋለች። የሚቀምሱት ደግሞ በእግራቸው ነው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ማኘኩ የልጅነት ሥራ ነው። አክስቴ ግቢ የሎሚውን ቅጠል የሚጨርሰው አባጨጓሬ የቢራቢሮ ልጅ ነው። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ወፍ እንዳይበላው። አክስቴ ግን አትሸወድም፣ ትለቅመዋለች።

ከየት መጡ ላልከው፣ ከእሳት እራት ወገን ናቸው። የዛሬ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሌሊቱን ትተው ወደ ቀን የዞሩ ዘመዶች በላቸው። ቱቦው ግን ከዚያም ይቀድማል። ጀርመን ውስጥ የተገኙ፣ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የክንፍ ቅርፊቶች ቱቦ ያላቸው ቅድመ አያቶች አበባ ምድርን ሳይሞላ እንደነበሩ ይጠቁማሉ። ያኔ ምን ይጠጡ ነበር? ምናልባት ከጥድ መሰል ዛፎች ፍሬ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ።

ደግመህ ስትሄድ ጠጋ ብለህ እይ። ጥላህ ካረፈባቸው ግን ብን ይላሉ።